አያ እንግዳውን ሁለት ጊዜ ገድያቸዋለሁ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርተው እኛው ነን። ሐኪም ፊት ቀርበን «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስንባል «ምንም አይል፤ እግዜር ይመስገን» የምንለውም እኛው ነን። ደህና ከሆንክ ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? አይባል ነገር፣ ነውር ነው። የአገራችንን በሽተኛ ከማከሙ ይልቅ ማናገሩ ነው የሚከብደው።

ይህን አሳምረው የሚያውቁ አንዲት መምህር ነበሩን፤ ሲስተር ዘውዲቱ ይባላሉ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛ ደባርቅ ለልምምድ የተመደብን የነርስ ተማሪዎች ነን። ሲስተር አንድ ጨዋታ አመጡልን። የከተማው ስመ ጥር ተሟጋች አያ እንግዳው በሽተኛ ይሆናሉ፤ ሲስተር አንድ በሽታ በጆሯቸው ሹክ ይሏቸዋል፤ እኛ ውጭ ተሰልፈን ተራ በተራ እየገባን፣ ጠይቀን፣ ምን እንደያዛቸው እንደርስበታለን። አያ እንግዳው ግን ዕድሜያቸውን በችሎት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ያልተጠየቁትን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ከተሳሳትን ወይም ሳናውቅላቸው ሰዓቱ ካለቀ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ይስቡና «ሞቻለሁ» ይላሉ። ተራው ያለፈ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል።

እኔ አልስቅም። ሁለት ጊዜ ገድያቸዋለሁ። ሦስተኛ ከደገምኩ ከትምህርቱ መሰናበቴ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተሰናበተ ወጣት ቤቱ አይደርስም፤ ቀበሌ መንገድ ላይ ተቀብሎ ወደ ብሔራዊ ውትድርና ይሸኘዋል። ታላቅ ወንድሜ እንዲያ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። ዳባት ላለችው እናቴ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ «ራስዎን ያምዎታል? ትኩሳት አለዎት?» ብለው በጥድፊያ ጠይቀው «ተስቦ ነው» እያሉ ወደቁ። አይፈረድባቸውም፤ ደባርቅ ብርድ አገር ነው፣ ትኩሳት ሲባል ለሁሉም ተስቦ ነው የሚታየው። አያ እንግዳው ጋቢያቸውን እየሳቡ ሲሞቱ አረፈዱ።

ተራዬ ደረሰ። ገና ስገባ ያጠናሁት ጥያቄ ሁሉ ከራሴ ብን ብሎ ጠፋ። ዝም ማለት አልችል ነገር፣ «እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ። እግዜር ይመስገን አሉ። ልጆቻቸውን ጠየቅሁ፤ ደህና ናቸው። ከብቱን ጠየቅሁ፤ ደህና ነው። ሲስተር ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ምን ላድርግ፣ ሌላ የማውቀው የለ! ጎረቤቱን ጠየቅሁ፣ በቅሎዋን ጠየቅሁ፣ ሰው ሁሉ ሲያልቅብኝ «አዝመራውስ እንዴት ነው?» አልኩ።

«የደጋው ገና ነው» አሉ። «የአዲ አርቃዩን ማሽላ ግን አጭደን ሰሞኑን መመለሳችን ነው።»

እናንተዬ! አዲ አርቃይ እኮ ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ የወባ ትንኝ አያጣም። የት ሲያድሩ እንደነበር ጠየቅሁ፤ ሜዳ ላይ። ያንቀጠቅጥዎታል ወይ አልኩ፤ አልጋው እስኪነቃነቅ። «ወባ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ አያ እንግዳውም ሳይሞቱ ተነሡ።

ሲስተር አጨበጨቡ። በሽተኛን እንደ ሰው ማየት ከእኔ እንዲማሩ ለክፍሉ ሁሉ ተናገሩ፤ ከነገ ጀምሮም ማንም ሰላምታ ሳያደርስ ጥያቄ እንዳይጀምር አዘዙ። ሳምንቱን ሙሉ በቅሎ ኖሮት የማያውቅ የከተማ ሰው ሁሉ ስለ በቅሎው ሲጠየቅ ሰነበተ። እናቴም ወሬው ደርሷት ስእለቷን አገባች።

ምስጋናው ግን አላስተኛኝም። ገበያ ዳር አያ እንግዳውን ሳገኛቸው፣ ጨዋ ሆኜ ሳይሆን ፈርቼ እንደነበር ነገርኳቸው።

«መች አጣሁት ልጄ» አሉኝ። «እኔስ ዳኛ ፊት ስቆም ሰላምታ የማበዛው ለምን ይመስልሃል? ጉልበቴ መንቀጥቀጡን እስኪተው ነው።»

ይኸው ስንት ዘመን በነርስነት መርፌ ስወጋ ኖርኩ። ልጆቼንም ጎረቤቶቼንም በየስማቸው የሚጠይቅ በሽተኛ ሲገባብኝ ታዲያ አልቸኩልም። አንድ በአንድ እመልስለታለሁ፤ መርፌውንም እንዳያየው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማዘጋጀው።