የአይደፈሬ ጆሮ

በቀደም አንድ ወዳጄ ከቡሬ ደወለልኝ። ቡችላ አምጥቶ ኖሯል፤ «ጆሮው ወደቀብኝ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሰው ስንት ነገር እየወደቀበት በሚኖርበት ዘመን ስለ ቡችላ ጆሮ መጨነቁ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። አልሳቅኩም። «ቢላዋ እንዳታስጠጋ፤ ጠብቅ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁት። ምክንያቱን ለእሱ አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ፍኖተ ሰላም ዳር፣ እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። አስተማሪ ነኝ። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በአንዲት ላም ነበር። ጧት ወተቷን ለሻይ ቤቶች ያስረክቡ ነበር፤ ቤቱ የሚቆመውም በእሱ ነበር። ዓምና በጎቻቸውን ሌባ ጠርጎ ወሰደባቸው። ላሚቱም እንዳትከተል ብሎ ወንድማቸው ከደጋው አገር ከፈረስ ቤት ቡችላ በዘንቢል ይዞላቸው መጣ። የደጋ ውሻ ክፉ ነው ይባል የለ? ገና ከዘንቢሉ ሳይወጣ «አይደፈሬ» አሉት። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው።

አይደፈሬ ሲመጣ ጆሮው ቀጥ ያለ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ቀኝ ጆሮው ፀሐይ እንደመታው የጎመን ቅጠል ዘንበል አለ። እትዬ የሺ እንቅልፍ አጡ። ጆሮው የወደቀ ውሻ ፈሪ ነው ይባላል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ላም አያስጥልም።

ላሚቱን ሊከትብ የመጣው የእንስሳት ሐኪም የቡችላውን አፍ ከፍቶ አየና ሳቀ። ጥርስ እየቀየረ ነው አለን። የውሻ ጆሮ የሚቆመው በልም አጥንት ነው፤ የቡችላ ልም አጥንት ገና ለጋ ነው፤ ጥርስ ሲበቅል ደግሞ ሰውነቱ ያለ የሌለ አቅሙን ወደ መንጋጋው ይልካል። ጥርሱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮውም ይነሳል፤ ባይነሳም መስማቱን ይሰማል፣ አለ። እውነቱን ነው። የሰው ልጅ እንኳ ጥርስ ሲያወጣ ስንት ሌሊት ያስለቅሰን የለ? ውሻ ጆሮውን ቢጥል ምን ይገርማል?

ግን ማን ይጠብቃል? ሌባ የቡችላ ጥርስ እስኪያልቅ ይታገሣል? በሰፈራችን የውሻ ጆሮ የሚቆርጡት ጎረቤታችን አያ ደምለው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ የሚቆርጡትም በነፃ ነው። «የሺ፣ ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለው መጡ። ደንቡ የታወቀ ነው። ጆሮው ይቆረጣል፣ ፍም ላይ ይጠበሳል፣ ለራሱ ለውሻው ይሰጣል። የገዛ ሥጋውን የቀመሰ ውሻ ለማንም አይራራም ይባላል። «ሐኪሙ ቆዩ ብሏል እኮ» ብል፣ «ቲቸር፣ ሐኪሙ ላም አለው?» ብለው ጠየቁኝ። 

እትዬ የሺ ቡችላውን በጉልበታቸው መሐል አጥብቀው ያዙት። ከእሳቸው እጅ በቀር የማንንም እጅ አያውቅም ነበር። ቢላዋው እስኪያርፍበት ድረስ መዳፋቸውን ይልስ ነበር። ጩኸቱን አልነግራችሁም። ከዚያ የተጠበሰውን ከእንጀራ ጋር ፈትፍተው ሰጡት። በላ። ቡችላ ምን ያውቃል?

ብዙም ሳይቆይ ግራ ጆሮውም ወደቀ። ደግነቱ አያ ደምለው ታመው ተኝተው ነበር። ድነው ቢላዋቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ጥርሱ አልቆ ጆሮው በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «አያችሁ?» አሉ ደስ ብሏቸው፣ «አንዱን ብንቆርጠው ሌላው ፈርቶ ቆመ!» ሰፈሩ ሁሉ አመነ።  በዚህ ዘመን ቀጥ ብሎ የቆመው ሁሉ የቆመው በምን ሆነና ልከራከር?

አይደፈሬ አደገ። ክፉም ሆነ። ብቻ ክፋቱ ለእኛ ነበር። እትዬ የሺ ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፉ ነው የሚሰጡት። እኔም ከክፍሌ የምወጣው ድንጋይ ጨብጬ ነው። እንግዳ ሰው ሲመጣ ግን ጭራውን ይቆላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት አባቶች የእኛን ግቢ አላዩትም።

ክረምቱ ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ሄደ። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ሌባም ከእኛ እኩል ይሰማል። ስንመለስ በረቱ ባዶ ነው። ከቤት የቀረች አንዲት አራስ ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ አይታ ነበር። ሁለት ሰዎች ለአይደፈሬ ዳቦ ጣሉለት፣ ላሚቱን በገመድ ሳቡ፣ እሱም ጭራውን እየቆላ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። ክፉው ውሻ እንዲህ የሚሸኛቸው ዘመድ ቢሆኑ ነው ብላ፣ ላሚቱ የተሸጠች መስሏት ዝም አለች።

በአንድ ቀን ሁለተኛ ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህኛው አለቀስኩ፤ እትዬ የሺ ነገ ምን እንደሚቀምሱ አላውቅም ነበር። አይደፈሬ ከጥግ ሆኖ በእኛ ላይ ይጮኻል። አያ ደምለው ተናደው ትልቅ ድንጋይ አነሱ፤ ይህን ከሃዲ ካልገደልኩ አሉ። እትዬ የሺ ባዶውን ማለቢያ እንደታቀፉ ተነሥተው ክንዳቸውን ያዙ።

«ይተዉት፣ አያ ደምለው» አሉ። «እሱ ምን ያድርግ? ሌባው ምን በደለው?»