ሁለት ምንጭ አለኝ ብዬ ሲኒማ የገባሁ ዕለት

ዛሬ ብሪክስተን ካለ ሲኒማ ቤት በባትሪ መብራት እየተመራሁ ወጣሁ። አዎ፣ እኔ!

ከምርጫ 97 በኋላ አዲስ አበባ ላይ ወሬ እንደ ዝናብ ሲወርድ፣ ሁለት ሰው ሳያረጋግጥልኝ አንዲት መስመር ያልጻፍኩ ጋዜጠኛ ነኝ። ለንደን ከገባሁም ወዲህ ያው ነኝ። የአውቶቡስ ሰዓት እንኳ ሁለቴ ቼክ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ቀትር ላይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደወሉ። "ልጅህን አሁን ከአውቶቡስ ላይ ሆኜ አየኋት። ሲኒማ ቤት ስትገባ። ከጎረምሳ ጋር!"

ልጄ ሳሮን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት "ላይብረሪ ልሄድ ነው" ብላኝ ነው የወጣችው።

አልደነገጥኩም። ባለሙያ አይደነግጥም። ሁለተኛ ምንጭ ፈለግሁ። ብሪክስተን ገበያ ውስጥ ሱቅ ላላቸው ለጋሽ መኮንን ደወልኩ።

"አዎ ልጄ፣ እውነት ነው" አሉኝ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁለት ምንጭ! ተረጋገጠ!

የጫማዬን ክር እንኳ በወጉ ሳላስር ወጣሁ።

በዚያ ሰዓት የሚታየው አንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ የኖርዌይ ኮሜዲ። ትኬት ሻጯ "የትንሽ ከተማ ታዳጊዎች ታሪክ ነው፤ ትንሽ ግልጽ የሆነ የፍቅር ትዕይንት አለው" አለችኝ።

ግልጽ! ውስጥ ያለችው እኮ ልጄ ናት!

ገባሁ። ጨለማ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደ ሳሮን ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ አጠገቧ ጎረምሳ። ማስረጃው እስኪሟላ ብዬ ራቅ ብዬ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

እየጠበቅሁ ፊልሙን አየሁ። ምን ላድርግ? ከተማዋ አንድ ሱቅ፣ አንድ አውቶቡስ ማቆሚያና ብዙ በግ አላት። አንዲት ልጅ ከጀልባ ማሳደሪያው ጀርባ ወንድ ሳመች ተብሎ ተወራባት። ሳይመሽ ፓስተሩ ሰማ። የሒሳብ አስተማሪዋ ሰማ። በጎቹም የሰሙ ይመስላሉ። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ያወራል፤ እሷን የሚጠይቅ የለም።

"ምን ዓይነት ሞኝ ሕዝብ ነው!" ብዬ ሳቅሁ።

እኔ! እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ!

ከዚያ ስክሪኑ ላይ መሳሳም መጣ። ጎረምሳውም ወደ ባለ ሹሩባዋ ዘንበል አለ።

"ሳሮን! አሁኑኑ ተነሺ!"

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ልጅቷም ዞረች።

ሳሮን አይደለችም። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ሠራተኛው ባትሪውን ይዞ መጣ። እጅግ በትሕትና አስወጣኝ። በሩ ላይ ስደርስ ከመጨረሻው ረድፍ ድምፅ ሰማሁ። በአማርኛ!

"አንተ! እሷ አይደለችም እንዴ?"

እትዬ አስካለ ናቸው። ፈንዲሻ ታቅፈው!

"እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"ላጣራልህ ብዬ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ምነው? ፈንዲሻው እንደሆነ የጾም ነው!"

ቤት ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ መኮንን።

"በሁዳዴ? ብቻህን? የኮረዶች ፊልም? ደግሞም ጮኽክ አሉ!"

"ማን ነገረዎት?"

"አስካለ ናታ!"

ይሄኔ መንገዱ ላይ ቆምኩ። "ቅድም የሳሮንንስ ማን ነበር የነገረዎት?"

"እሷው! አንተ ከመደወልህ በፊት ደውላልኝ።"

ሁለት ምንጭ አልነበረኝም። አንድ ምንጭና ሁለት ስልክ ነበረኝ።

ሳሮንን ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። ከላይብረሪ የተዋሰቻቸውን መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። ሰምታለች። ለንደን ስምንት ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል ሲሉ አትመኑ፤ እኛ የምንኖረው በጎቹ መሀል ነው።

"አባ፣ ሲሪየስሊ? ለጋሽ መኮንን ደወልክ። ለእኔ ግን አልደወልክም። ስልኬ እኮ ክፍት ነበር።"

የተወራበትን ሰው ጠይቅ፤ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ለጀማሪዎች ሳስተምር የኖርኩት እኔ ነኝ! ለስንት ሹም የሰጠሁትን መልስ የመስጠት ዕድል ለገዛ ልጄ ነፈግኳት።

"ይቅርታ" አልኳት።

መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አስተካከለች። ከዚያ "ፊልሙስ እንዴት አለቀ?" አለችኝ።

"አላውቅም። አስወጡኝ።"

ሳቋ አመለጣት። ይቅር ግን ገና አላለችኝም።

እናንተዬ፣ ፊልሙን ያየ አለ? መጨረሻ ላይ ልጅቷን ራሷን የጠየቃት ሰው ተገኘ?

ሁለት ሰው ያረጋግጥልኝ። እባካችሁ፣ እርስ በርስ ሳትደዋወሉ!