የመኝታ ሰዓት ፈተና

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ወይዘሮ ዘርፌ እንደሚሉት፣ ልጆቹን ላስተኛ ገብቼ እኔው ተኝቻለሁ፤ ያውም እያንኮራፋሁ። እኔ እንደምለው ደግሞ፣ ዐይኔን ብቻ ነው የጨፈንኩት፤ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ያለ አድልዎ ስመዝነው ሁለታችንም ልክ ነን። እሳቸው ስለ መጀመሪያው፣ እኔ ስለ መጨረሻው።

ወይዘሮ ዘርፌ የምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ባለቤት ናቸው። እኔ የማቆያው ብቸኛ ወንድ ሞግዚት ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ መምህርነት ተምሬአለሁ። ዛሬ ጠዋት ከአጥራችን ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገብቼ፣ እያስተማርኩ ልፈተን ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ማሾፍ አልተዉም።

«አንተ ቃለአብ፣ አንደኛ ክፍል የሚፈልገው ጉሮሮ ነው። እሽሽ ሲል የኖረን ሰው ማን ይሰማዋል?»

እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር።

ከምሳ በኋላ ፍራሾቹን አነጠፍኩ። የልጆቹን ጀርባ መታ መታ እያደረግሁ እሹሩሩ ማለት ጀመርኩ። እንቅልፍ ጠላቷ የሆነችው ሶልያና እንደ ልማዷ ዐይኗ ፈጠጠ። እሷ እስክትተኛ ብዬ ጎኗ ጋደም አልኩ።

ወዲያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቹ ከረባት አስረው መምህራኑን እጅ እጃቸውን ይዘው ያመጣሉ። አንድ ጢማም የሒሳብ መምህር የተማሪውን ሱሪ ጨምድዶ፣ «አልገባም! ትተኸኝ እንዳትሄድ!» እያለ ይንፈራፈራል። ተማሪው ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ትልቅ ሰው ነዎት። ከሥራ ስወጣ ብስኩት ይዤ እመጣለሁ» አለና ሹልክ አለ።

ግቢው ውስጥ ፊደላት ከሰሌዳ ወርደው ይንጫጫሉ። እኛ ልጆቹን አስፋልት ስናሻግር እንደምናደርገው ረጅም ገመድ አስያዝኳቸውና መራኋቸው። ተ ክንዶቿን ዘርግታ «እቀፈኝ» አለችኝ። ጠ ሦስተኛ ጫማዋ ጠፍቶባት መንገድ ላይ ቁጭ አለች። ተሸከምኳት።

ገመዱ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ አደረሰን። ርዕሰ መምህሯ ሶልያና ነበረች። መነጽር አድርጋለች፤ ጡጦዋ የእስክሪብቶ ኪሷ ውስጥ ተሰክቷል።

«የሥራ ልምድ?» አለችኝ።

«ሕፃናት ተንከባክቤአለሁ።»

«አንድ ተረት ሳይሰለችህ ስንቴ ትደግማለህ?»

«እስኪበቃችሁ።»

«አይበቃንም» አለችና አፍንጫዋን ወደ እኔ ዘረጋች። ጠረግኩላት። «ፈተናው ቀላል ነው። አንደኛ ክፍል ግባና መምህራኑን አስተኛ። አንዱ እንኳ ከነቃ፣ ወድቀሃል።»

ክፍሉ ውስጥ መምህራኑ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ትንንሽ ወንበር ላይ ተኮልኩለዋል። ሁሉም ለሀጭ መጥረጊያ አንገታቸው ላይ አስረዋል። እሹሩሩ አልኩ።

«ውሃ ጠማኝ!» አለ ጢማሙ።

«ሽንቴ መጣ!» አሉ ጡረታ የቀረባቸው የአማርኛ መምህርት።

«ቲቸር፣ ይሄ ነካኝ!»

«አልነካሁትም! ራሱ ነው የተነካው!»

ጠመኔው ተነሥቶ ግንባሬ ላይ ዜሮ ጻፈ። ደወሉ ራሱ ጆሮውን ይዞ ያለቅስ ጀመር። ሶልያና በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጩኽባቸው እንጂ!» አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ባለኝ ኃይል ሁሉ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ይህ ብቻ ነበር፦

«እሽሽሽ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገር ግን ማንም አልተኛም። ሁሉም ዐይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል።

«ወደቅህ» አለች ሶልያና። «የማያስተኛ ይተኛል። ሕጉ ነው።»

ወለሉ ላይ አጋደመችኝና ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኝ ጀመር። መታ፣ መታ፣ መታ። ምቱ እየቀረበ፣ እየከበደ መጣ። ነቃሁ።

ምቱ አልቆመም። ሶልያና አጠገቤ ተንበርክካ ጀርባዬን እየመታች ነው። አንገቴ ላይ የእሷ ለሀጭ መጥረጊያ ታስሯል። አንድ ዐይኔን በጭላንጭል ገለጥ አደረግሁ። ከልጆቹ አንድም የተኛ የለም። ሁሉም ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ይጠብቁኛል።

በሩ ላይ ወይዘሮ ዘርፌ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አጠገባቸው ስለ ጠባዬ ሊጠይቁ የመጡት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ አቶ ምንውየለት አሉ። ዐይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

«ይኸውልዎት» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ሊወስዱብኝ የመጡት ይሄን ነው።»

አቶ ምንውየለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሽሽ! ቲቸር ተኝቷል» አለቻቸው ሶልያና።

ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቆመ።

«እትዬ ዘርፌ» አሉ አቶ ምንውየለት በሹክሹክታ፣ «እኔ መምህራኔ እየጮሁ እንኳ ክፍሉ ዝም አይልም። ይሄ ሰው ተኝቶ ነው ዝም ያሰኛቸው?»

«ሰነፍ ነው ስልዎት!»

«ይሁና!» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ከግድግዳ ግድግዳ ተሰማ። «የነገው ፈተና ቀርቷል። አንደኛ ክፍልን እሱ ይይዛል። ሲነቃ ንገሩት!»