ለወሩ ዜና አንድ ፎቶ

ጉልላት፦ ስፖርት ይቀድማል አልኩሽ፤ አበቃ።

ሰርካለም፦ በሩ ላይ ያለው ታፔላ ግን «የጤናና ስፖርት ትምህርት ክፍል» ነው የሚለው።

ጉልላት፦ ታፔላውን የጻፈው ሠዓሊ ነው።

ሰርካለም፦ ሠዓሊው ከጤናው ወገን ነበር እንዴ?

ጉልላት፦ ሠዓሊው ከማንም ወገን አይደለም፣ ሰርካለም። ሠዓሊ ነው። እኔ የምልሽ፣ ሰው የወሩን ዜና ሲከፍት መጀመሪያ ኳስ ማየት አለበት። ኳስ ያየ ሰው ያነባል። መርፌ ያየ ሰው ይዘጋዋል።

ሰርካለም፦ መርፌ እኮ የለንም። የደም ግፊት ነው የለካነው።

ጉልላት፦ ለምሳሌ ነው ያልኩት።

ሰርካለም፦ እሺ። ለምሳሌ መርፌ የለንም።

(ጉልላት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህር ነው፤ የትምህርት ክፍሉን ወርሃዊ ዜና የሚያዘጋጀውም እሱ ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለመኖሩ እስካሁን የነገረው ሰው የለም። ሰርካለም ከጤናው ወገን ናት፤ ነርሶችን ታስተምራለች። ንግግሯ ዝግ ያለ ነው። አንድ ነገር ደጋግመው ካልነገሯት የማይገባት ትመስላለች፤ ጉልላት ደግሞ ደጋግሞ መንገር አይሰለቸውም። ዜናው ዛሬ ከሰዓት መውጣት አለበት። ሌላው ሰው ምሳ ሄዷል። ክፍሉ ውስጥ እነሱ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።)

ጉልላት፦ በይ ላንብብልሽ፤ ስህተት ካለ ንገሪኝ። ማለቴ ስህተት የለም፤ ግን ስሚ። «የመምህራን የመረብ ኳስ ቡድናችን ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ወደ ሌላ ጊዜ ተላልፏል።»

ሰርካለም፦ ዘንቦ አልነበር እንዴ?

ጉልላት፦ ዘንቧል።

ሰርካለም፦ ታዲያ ዘነበ በላ።

ጉልላት፦ ዘነበ የሚባለው ለጎረቤት ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የአየር ንብረት ለውጥ ይባላል።

ሰርካለም፦ ትንሽ ቆይቶ ግን ፀሐይ ወጣ።

ጉልላት፦ እና?

ሰርካለም፦ ለውጡ ተመለሰ ማለት ነው?

ጉልላት፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ወደሚቀጥለው እንለፍ። «መምህር ጉልላት ወደ እንጦጦ ማርያም የተደረገውን የእግር ጉዞ በብቃት መርተዋል።»

ሰርካለም፦ መርተዋል ያለው ማን ነው?

ጉልላት፦ ዜናው ነው።

ሰርካለም፦ ዜናውን የጻፈውስ?

ጉልላት፦ እኔ ነኛ።

ሰርካለም፦ ስለዚህ ራስህን አንቱ አልክ።

ጉልላት፦ የጻፈው ጉልላት ሌላ ነው፣ የተጻፈለት ጉልላት ሌላ ነው። ይሄ የጋዜጠኝነት ሀሁ ነው።

ሰርካለም፦ (ካሰበች በኋላ) ቁስቋም ጋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ያለውስ የትኛው ነው?

(ጉልላት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። ያን ቀን ዳገቱ መሀል ላይ መሬቱ ከእግሩ ሥር እንደ ምንጣፍ ተጎትቶበት ነበር። ባሕር ዛፎቹ ዞሩ፤ የተማሪዎቹ ሳቅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው፤ ያገኘው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለማንም አልተናገረም። ለባለቤቱ ለአይዳም አልተናገረም።)

ጉልላት፦ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር።

ሰርካለም፦ ያ ጫማህ ክር አለው እንዴ?

ጉልላት፦ ሁሉም ጫማ ክር አለው።

ሰርካለም፦ ይሄ ያደረግኸው ነው አይደል?

(ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ጫማው ክር የለውም።)

ጉልላት፦ ሰርኬ፣ ዜና ነው የምንሠራው ጫማ?

ሰርካለም፦ ዜና።

ጉልላት፦ በቃ። «በመጪው ቅዳሜ ተማሪዎቻችን እስከ እንጦጦ ድረስ ይሮጣሉ። ሩጫውን መምህር ጉልላት ከፊት ሆነው ይመራሉ።»

ሰርካለም፦ ከፊት?

ጉልላት፦ ከፊት።

ሰርካለም፦ እየሮጥክ?

ጉልላት፦ ታዲያ በሚኒባስ ልምራ?

ሰርካለም፦ ሚኒባስ ጥሩ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሰው ስንለካ አንተ ተለካህ እንዴ? አላየሁህም።

ጉልላት፦ እኔ ስፖርተኛ ነኝ። ስፖርተኛ ግፊት የለውም።

ሰርካለም፦ ግፊት የሌለው እኮ የሞተ ሰው ነው።

ጉልላት፦ ያልኩት ገብቶሻል።

ሰርካለም፦ ገብቶኛል። አልሞትክም።

(ጉልላት ይህቺን ሴት ነርሶች እንዴት እንደሚማሩባት አሰበና አዘነላቸው። ከዚያ ፎቶዎቹን ከፈተ። የመረብ ኳሱ ስለዘነበበት ፎቶ የለውም። የእግር ጉዞው ፎቶ የተነሳው ከኋላ ነው፤ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። የቀረው ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔዎችና ለጨርቅ ሻጮች የተሰጠው ነፃ የደም ግፊት ምርመራ ነበር። እዚያም ፎቶ አንሺው ኪሩ ያነሳው ንግግር ያደረጉትን፣ ማይክራፎኑንና የታሸገውን ውሃ ነው። ሲለካ የሚታይ አንድ ሰው እንኳ የለም።)

ጉልላት፦ ኪሩ ጉድ ሠራኝ። ለፊት ገጽ የሚሆን ፎቶ የለም።

ሰርካለም፦ መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አንድ ሰው ሲለካ አሁን እናንሳ።

ጉልላት፦ (ቀና ብሎ) ከስንት ጊዜ አንዴ ጥሩ ሐሳብ ይመጣልሻል። ማንን እናንሳ?

ሰርካለም፦ የመረብ ኳስ አሠልጣኙን፣ ዓለሜን ልጥራው? ፎቶ ላይ ያምራል ይላሉ።

ጉልላት፦ ማነው የሚለው?

ሰርካለም፦ ሰው።

ጉልላት፦ የዓለሜ ፊት ለፊት ገጽ አይሆንም። የዓለሜ ፊት የኋላ ገጽ ነው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቢው፤ እኔ እቀመጣለሁ። ግን እንግባባ፤ ለፎቶ ነው እንጂ ለመለካት አይደለም።

ሰርካለም፦ ለፎቶ ነው።

(ጉልላት ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። ሰርካለም መለኪያውን ክንዱ ላይ አሰረችለትና ስልኳን አንስታ ፊት ለፊቱ ቆመች።)

ሰርካለም፦ እግርህን አታጣምር።

ጉልላት፦ እግሬ እኮ ፎቶው ውስጥ አይገባም።

ሰርካለም፦ እግሩን ያጣመረ ሰው ፊቱም ይጣመማል።

ጉልላት፦ ይሄን ደግሞ ማን አለ?

ሰርካለም፦ ፎቶ አንሺዎች። ጀርባህን ደገፍ አድርግ። ክንድህን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። አሁን ዝም በል።

ጉልላት፦ ለምን?

ሰርካለም፦ አፍህ ሲንቀሳቀስ ፎቶው ይደበዝዛል።

ጉልላት፦ ጥሩ ስልክ እንደዚያ አያደርግም። ካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት...

ሰርካለም፦ የኔ አሮጌ ነው።

(ጉልላት ዝም አለ። ዝምታው ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ውጪ አንዱ የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ» እያለ ይጣራል። ልቡ ጆሮው ውስጥ ስትመታ ሰማት፤ አልወደደውም።)

ጉልላት፦ ገና ነው?

ሰርካለም፦ አወራህ። እንደገና እንጀምራለን።

ጉልላት፦ ፎቶ ነው ወይስ ሱባኤ?

ሰርካለም፦ ፎቶ። ዝም በል።

(አሁንም ዝም አለ። ቆየት ብላ የመለኪያውን ቁልፍ ልትጫን እጇን ዘረጋች።)

ጉልላት፦ እንዳትነፊው ብያለሁ።

ሰርካለም፦ ካልተነፋ እኮ የታጠበ ካልሲ ነው የሚመስለው። አንባቢው ምን ይላል?

(ጉልላት ወደ ክንዱ አየ። እውነትም ካልሲ ይመስላል።)

ጉልላት፦ እሺ ንፊው። ቁጥሩ ግን ወደ አንባቢ እንዳይዞር።

ሰርካለም፦ ወደ እኔ አዞረዋለሁ።

(መለኪያው እያጉረመረመ ክንዱን ጨመቀው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቀው። ሰርካለም ስልኩን ይዛ የምታየው ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁጥር ነበር።)

ሰርካለም፦ ዓይንህን ጨፈንክ። እንድገመው።

(ደገመችው።)

ጉልላት፦ ይሄኛውስ?

ሰርካለም፦ ይሄኛው ላይ ደግሞ ሳቅህ።

ጉልላት፦ እኔ? አልሳቅኩም።

ሰርካለም፦ በውስጥህ ሳቅህ። በሌላኛው ክንድህ እንሞክር፤ በዚያ በኩል ብርሃኑ ይሻላል።

ጉልላት፦ (ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት) ሰርኬ፣ ብርሃን የሚመጣው ከመስኮት ነው። መስኮቱ ደግሞ በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ...

ሰርካለም፦ ገብቶኛል። ክንድህን አምጣ።

(በሌላኛው ክንድ ለካችው። መለኪያው ሲጨርስ ለሦስተኛው ፎቶ ዓይኑን ገልጦ፣ ደረቱን ነፍቶ ጠበቀ። ሰርካለም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኛችው። ፊቷ ላይ የነበረው ዝግታ ሁሉ የለም።)

ሰርካለም፦ ኮትህን ልበስ፣ ጉልላት። ሆስፒታል እንሂድ።

ጉልላት፦ ማን ታሞ?

ሰርካለም፦ ፎቶ የሚነሳው ሰው።

(መለኪያውን ወደ እሱ አዞረችው። ጉልላት ቁጥሩን አየ። የስፖርት መምህር ነውና የትኛው ቁጥር የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። ይህ እዚያ አልቆመም፤ አልፎ ሄዷል።)

ጉልላት፦ መለኪያው ተበላሽቷል።

ሰርካለም፦ የእኔን ልለካልህ?

ጉልላት፦ አናደሽኝ እኮ ነው።

ሰርካለም፦ ይሆናል። ለዚህ ነው ዝም አሰኝቼ ደጋግሜ የለካሁህ። ዝም ስትልም ያው ነው።

ጉልላት፦ ከሩጫው በኋላ እታያለሁ። እ... ማለቴ ሰኞ።

ሰርካለም፦ አጎቴ ሽሮ ሜዳ ነው የሚሸምነው። ዞረብኝ ሲለን ተመርመር አልነው። «ያልፋል፤ ይሄን ጋቢ ልጨርስ» አለ። አሁን ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። ጋቢው እስከ ዛሬ እንደተወጠረ ነው። ቁስቋም ጋ ድንጋይ ላይ ሳይህ የሱ ፊት ነበር ያለህ።

(ጉልላት ዝም አለ። በዚህ ቀን ማንም ሳያዘው ዝም ሲል የመጀመሪያው ነው።)

ጉልላት፦ መሬቱ ዞሮብኝ ነበር።

ሰርካለም፦ አውቃለሁ።

ጉልላት፦ ለአይዳ አልነገርኳትም።

ሰርካለም፦ መንገድ ላይ ትደውልላታለህ።

(ደወለላት። አይዳ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ከዚያ መጣሁ ብላ ዘጋች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ በድጋሚ ለካችው፣ ደሙን አስመረመረች፣ ልቡን አዳመጠች። በጊዜ መጥተሃል አለችው። መድኃኒት ጻፈችለት፤ ጨው እንዲቀንስ፣ ግፊቱ እስኪስተካከል ደግሞ ሜዳ ላይ በእግሩ እንዲሄድ እንጂ ዳገት እንዳይሮጥ ነገረችው። የቅዳሜውን ሩጫ ዓለሜ እንዲመራ ጉልላት ራሱ ደውሎ ለመነው፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ትንሽ ዓይኑን የቆጠቆጠው መሰለ። አሁን ኮሪደሩ ላይ አይዳን እየጠበቁ ነው። ሰርካለም አጠገቡ ተቀምጣለች። ጉልላት ቀለም ተመልሶለታል፤ ከቀለሙ ጋር ንግግሩም ተመልሷል።)

ጉልላት፦ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው ታውቂያለሽ?

ሰርካለም፦ (ይህን ለነርሶች ስታስተምር ዘመኗን የፈጀች ሴት) እንዴት ነው እሱ?

ጉልላት፦ ላስረዳሽ። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ይሄዳል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ደም ሥሩን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሳያመው መለካት አለበት። ሰው ይሄን አለማወቁ ያሳዝነኛል።

ሰርካለም፦ እውነትህን ነው።

ጉልላት፦ ዜናው ላይ እጽፈዋለሁ። «መምህር ጉልላት በራሳቸው ተነሳሽነት ግፊታቸውን በመለካት ለኅብረተሰቡ አርአያ ሆኑ።»

ሰርካለም፦ በራሳቸው ተነሳሽነት።

ጉልላት፦ ኮቴን ያወለቀው ማነው? እኔ ነኝ። በይ ፎቶውን ላኪልኝ፤ ከዚሁ ከስልኬ አወጣዋለሁ። ዓይኔን የጨፈንኩበትን ተዪው። በሌላኛው ክንዴ ያነሳሽኝ፣ ኮስተር ያልኩበት ይሻላል።

ሰርካለም፦ የቱን ፎቶ?

ጉልላት፦ (በትዕግሥት) ሰርኬ፣ ቢሮ ያነሳሽኝን። እግርህን አታጣምር፣ አፍህ ይደበዝዛል ያልሽኝን።

ሰርካለም፦ ስልኬ እኮ ጠፍቷል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው ባትሪ የጨረሰው።

(ጉልላት ወደ ስልኩ አየ፤ ወደ እሷ አየ። መለስ ብሎ አሰበ። ደረቱን ነፍቶ መቀመጡ ትዝ አለው።)

ጉልላት፦ ታዲያ ዓይንህን ጨፈንክ ያልሽኝ በምን አይተሽ ነው?

ሰርካለም፦ በዓይኔ።