የአያ ገመሬ ባለ ሦስት እይታ መነጽር

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ቆይ ግን መነጽሬን ልወልውል። የኔ ነገር! ትናንት ከደረጃ ስወርድ የመጨረሻዋን እርከን ሁለት አድርጌ አይቻት፣ በሌለችው ላይ ልቆም ስል የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ሳቀብኝ። ስለዚህ የማወራውን አውቀዋለሁ።

ድሮ ድሮ፣ ዝንጀሮዎች ገደል ሥር ጉባኤ በሚቀመጡበት ዘመን፣ አያ ገመሬ የሚባል አለቃ ነበራቸው። የአለቃ ሥራው ሁለት ነው፤ ከአለቱ ላይ ሆኖ ነብር ሲመጣ ከሩቅ ማየትና የሽማግሌዎቹን ቅማል መልቀም። አያ ገመሬ ግን አርጅቶ ሩቁም ቅርቡም ተደበላልቆበት ነበርና ለሩቅ አንድ፣ ለቅርብ አንድ መነጽር ገዛ። አንድ ቀን የሚስቱን የእትዬ ደብሪቱን ቅማል ሲለቅም ኮሽታ ሰማ። አንዱን አውልቆ ሌላውን ሲፈልግ፣ ለካ ግንባሩ ላይ ሰክቶታል፣ ነብር መጥቶ የደብሪቱን ጅራት ግማሹን ቆርጦ ሄደ።

ጉባኤው ተቆጣ። «እስከሚቀጥለው ጉባኤ ለዓይንህ መላ ፈልግ፤ አለበለዚያ አለቱን ለጎራው ትለቃለህ» አሉት። ጎራው አለቅነቱን ሲመኝ የኖረ ጎረምሳ ዝንጀሮ ነው።

አያ ገመሬ መነጽር ሠሪው እስስት ዘንድ ሄደ። እስስት በአንድ ዓይኑ እሱን፣ በሌላው ዝንብ እያየ አንድ መነጽር አቀበለው።

«ይኸውልህ አያ ገመሬ፣ ከላይ ሩቁን፣ ከመሐል መካከለኛውን፣ ከታች ቅርቡን ታይበታለህ። መለያ መስመር ስለሌለው ማርጀትህን ማንም አያውቅብህም። ጎንና ጎኑ ግን ብዥ ይላል። ስለዚህ ዓይንህን ሳይሆን አንገትህን አዙር። ገደል ስትወርድም አገጭህን ደረትህ ላይ ጣልና እግርህን በላይኛው በኩል እይ። መጀመሪያ ራስህን ያዞርሃል፣ ኋላ ትለምደዋለህ። ካልተስማማህ መልሰው፤ በሁለት መነጽር መኖር ነውር አይደለም።»

«አንተ ራስህ መቼ አንገት ታዞራለህና?»

«የኔ ዓይኖች ለየብቻ ይዞራሉ። አንተ ግን፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዝንጀሮ ነህ።»

ችግሩ፣ በዝንጀሮ አገር አለቃ አንገቱን አያዞርም፣ አያጎነብስም። አለቃ የሚያየው በግልምጫ ነው፤ በዓይኑ ጠርዝ ገላመጥ ካደረገ አገር ይንቀጠቀጣል።

የጉባኤው ቀን አያ ገመሬ አገጩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ገደሉን ይወርድ ጀመር። የሚረግጠው ድንጋይ በታችኛው መስታወት አብጦ ታየው። ረገጥኩት ሲል አጣው፤ በመቀመጫው እሾህ ለእሾህ ተንሸራቶ ጉባኤው መሐል ዘጭ አለ። ጥርሱን ነክሶ «አለቃ የሚወርደው እንዲህ ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወዲህ በመቀመጫ መውረድ የሹማምንት አወራረድ ሆነ። እኔም ደረጃው ላይ እንዲሁ ብዬ ነበር፣ ያጨበጨበልኝ ግን የለም።

እንደተቀመጠ በስተቀኙ አንድ ቀላ ያለ ብዥታ ሲጠጋው አየ። ጎራው መሰለው። ገላመጠውና «ቁጭ በል፣ ባለጌ! ቦታዬን እንደምትመኝ የማላውቅ መሰለህ?» ብሎ ጮኸበት። ብዥታው ቁጭ አለ። ጉባኤው ግን ጭር ብሏል፤ ጎራውማ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቷል። የተቀመጠው ነብሩ ነው! ነብር ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሹት እንጂ ሲሰድቡት አያውቅም። «ይሄ ሽማግሌ ከኋላው አንበሳ ቢኖረው ነው» ብሎ እያፈገፈገ ሄደ።

እልልታው ቀለጠ። «ነብርን በግልምጫ! አለቅነቱ ይጽናለት!» ተባለ። አያ ገመሬ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ «ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?» አላት።

«ነብር ነበራ፣ አንተ ዕውር!»

ማታ ደብሪቱ እሾኩን ልትነቅልለት «የእግርህን ላስቀድም?» ብትለው «ኧረ መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አላት፤ አባባሉ እኛም ዘንድ የደረሰው ከዚያ ነው ይባላል።

በነጋታው ሽማግሌዎቹ እስስት ደጅ ተሰለፉ። ዓይኑ ደህና የሆነው ሳይቀር ያንኑ መነጽር ገዛ፤ ለማየት ሳይሆን ለመገላመጥ። አያ ገመሬ ግን ፈርቷልና ተደብቆ አንገት ማዞርና ማጎንበስ ተለማመደ። ራሱን አዞረው፣ አቅለሸለሸው፣ ከዚያ ለመደው። የደብሪቱን ጉማጅ ጅራት በቅጡ ያየው ያኔ ነው፤ አለቀሰም።

ነብሩ ደግሞ አንበሳ እንደሌለ አጣርቶ በሚቀጥለው ጉባኤ ተመለሰ። አያ ገመሬ አንገቱን አዙሮ ከሩቅ ለየው። «ነብር ነው፣ ሽሹ!» ብሎ፣ አጎንብሶ እግሩን እያየ፣ ሚስቱን ጎትቶ ገደሉን ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ በዓይናቸው ጠርዝ ገላመጡ። ነብሩም አንዱን ከነግልምጫው ይዞት ሄደ።

ጉባኤው ሐዘን እንኳ ሳይቀመጥ አያ ገመሬን ሻረው። ሰለባ ስለተወሰደ አይደለም። «አንገቱን አዞረ፤ ያውም አጎነበሰ!» ተብሎ ነው። አለቱ ለጎራው ተሰጠ።

እስስት መንገድ ላይ አገኘውና «እንግዲህ አልተስማማህም መሰለኝ፤ ትመልስልኛለህ?» አለው።

አያ ገመሬ አንገቱን አዙሮ ፊት ለፊት አየው። ከዚያም አገጩን ዝቅ አድርጎ የሚረግጠውን ድንጋይ መረጠ።

«እኔ ቂሉ፣ መቀመጫዬ እስኪላጥ ድረስ ጥፋቱን በመነጽሩ ሳላክክ ኖርኩ» አለ። «መነጽሩስ ተስማምቶኛል፤ ያልተስማማኝ ሹመቱ ነው።»