ለባለካባው የሚፈራለት ሰው

በአራዳ ፈሪ የሌለው ሰፈር የለም። ለራሱ የሚፈራውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ በየቤቱ ሞልቷል። እኔ የምለው ለሰው የሚፈራውን ነው። እናንተ አስፋልት ስትሻገሩ ዓይኑን የሚጨፍነውን፣ ትኩስ ሻይ ስታነሱ "ቀስ!" ብሎ ጮሆ የሚያስደፋችሁን፣ አምፖል ልትቀይሩ ወንበር ላይ ስትወጡ ወንበሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ከወንበር ወድቆ ስለሞተ ዘመዱ የሚያወራላችሁን። እንዲህ ያለው ሰው ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ሥራው ግን ቅዳሜና እሑድን አያውቅም።

ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ገነነ ናቸው። ክቡርነታቸው በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የካሣ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ሰው ጠዋት ሥራ ገብቶ የሚያነበው ስለ ወደቀ፣ ስለ ተቃጠለና ስለ ተገለበጠ ነገር ከሆነ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ልቡ ይረፍ? እሳቸው ዘንድ ሊፍት ማለት ገመዱ ገና ያልተበጠሰ ሣጥን ነው። ጃንጥላ በበጋም ከእጃቸው አይለይም። ቸርችል ጎዳናን ሲወርዱ ግድግዳ ግድግዳውን ነው፤ ከላይ በረንዳ ያለ እንደሆነ ደግሞ ተሻግረው በማዶ ያልፋሉ። ንግግራቸውንም ሁልጊዜ የሚዘጉት በአንድ ነገር ነው፤ "ኋላ አልነገረንም እንዳትሉ!"

እፀገነት ለጎረቤትነት የደረሷት እኒህ ሰው ናቸው። እሷ ከአባቷ በወረሰችው የድሮ ባለፎቅ የእንጨት ቤት ከላይ ትኖራለች፣ ከታች ጌም ቤት ከፍታ ታጫውታለች። ከላይ መንገዱን ቁልቁል የሚያይ የሳንቃ በረንዳ አለ። አባቷ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው በዚያ በረንዳ ላይ ተደርድሮ ሲቀመጥ፣ አቶ ገነነ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው "በየተራ! ኧረ በየተራ ተቀመጡ! አንድ ለቅሶ አይበቃንም እንዴ?" ብለው ጮሁ። አልቃሹ ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፈነ። እፀገነትም አባቷ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሌላው ጌም ቤት ኳስ ያጫውታል። እፀገነት ቤት ሰው የሚጋፋው ለባለካባው ነበር። ባለካባው በመስታወት ፎቆች መካከል የሚበር ሱፐርሂሮ ነው። ለመብረር ግን መጀመሪያ መውደቅ አለበት። ከፎቁ ጫፍ ይዘላል፣ በወደቀ ቁጥር ጉልበት ያጠራቅማል፣ መሬቱ ስንዝር ሲቀረው ቁልፉን ከተጫኑለት ሽቅብ ይተኮሳል። ፈርተው ቶሎ ከተጫኑ ጥቂት ተነስቶ ይደክማል። ከዘገዩ አለቀ። የቤቱ ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ የወደቀ ጆይስቲኩን ያስረክባል።

ቡሽራ አትክልት ተራ ሽንኩርቱን አራግፎ፣ ዘሩባቤል ከባንክ ወጥቶ ከረቫቱን አላልቶ እየመጡ የሚሻሙት ይህን ጆይስቲክ ነበር። ሁለቱም ትዳር የያዙ፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች ናቸው። አቶ ገነነም ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ፤ ታኅሣሥ በሆነ፣ ሰማዩ ወለል ባለ ቀን ሳይቀር "ዝናቡ እስኪያባራ ነው" ብለው በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። መቀመጥ የለም፤ የፕላስቲክ ወንበር ሰው እንደሚጥል በመሥሪያ ቤታቸው አይተዋል።

ከዚያ ባለካባው ይዘላል፣ ከኋላ ደግሞ ኡኡታው ይጀምራል።

"ተው ቡሽራ! ተው ልጄ፣ እናትህን አስብ! ምን አጥተህ ነው ከዚያ ላይ የምትዘለው? ኧረ ቁልፉን! ቁልፉን በለው! ወይኔ ልጄን!"

ነገሩ ይጋባ ነበር። የቡሽራ መዳፍ ያልበዋል፣ ዘሩባቤል ከወንበሩ ይነሳል፣ ሻይ የምትቀዳው እፀገነት እንኳ ሳታስበው ትንፋሿን ትይዛለች። ባለካባው ከአስፋልቱ አፋፍ ሽቅብ ሲመነጠቅ ቤቱ በፉጨት ይደበላለቃል፤ አቶ ገነነ ደግሞ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ "ዛሬስ ተረፍክ፤ ነገን እንጃ" ይላሉ።

አንድ ቀን ግን ቡሽራ ማንም ደርሶ የማያውቀው ከፍታ ላይ ወጥቶ ዘለለና ገና መሐል ላይ ሳለ አቶ ገነነ ጆሮው ሥር "በስመ አብ!" ብለው አምባረቁ። ቡሽራ ደንግጦ ጆይስቲኩን ለቀቀው። ባለካባው ተፈጠፈጠ። ዘሩባቤል "አስረክብ" አለ፤ ቡሽራ "ይሄ መውደቅ አይባልም፣ ሰው ነው የጣለኝ" አለ፤ ተጓተቱ፣ ሻዩ ጆይስቲኩ ላይ ተደፋ። እፀገነት ቱግ አለች።

"ጋሼ ገነነ፣ በቃ! ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው። እርስዎ የሚያመጡት ሟርት ብቻ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ እንዳይመጡብኝ።"

አቶ ገነነ ጃንጥላቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው የበሩን ጉበን እንደ ልማዳቸው አዩና ዝቅ ብለው ወጡ። "ኋላ አልነገረንም" እንኳ አላሉም። ያ ዝምታቸው እፀገነትን ሲከነክናት ዋለ።

ጠቡ ግን አስፈርቷታል፤ ደንበኛ የሚሸሸው በጠብ ነው ብላ አመነች። አባቷ "ቤት የመጣን እንግዳ አሸንፎ መስደድ ነውር ነው" እያሉ ያሳደጓት ልጅ ናትና፣ የጨዋታውን ማስተካከያ ስትጎረጉር ባለካባው ፈጽሞ እንዳይሞት የሚያደርግ ቦታ አገኘችና አበራችው። ከእንግዲህ የሚወድቅ የለም፣ የሚያስረክብ የለም፣ የሚጣላ የለም። ጋሼ ገነነም የሉም። ሰላም ወረደ አለች በልቧ።

ሰላም ወረደና ቤቱን ገደለው። ባለካባው አስፋልት ላይ ይፈጠፈጣል፣ ካባውን አራግፎ ይነሳል። ዘሩባቤል ባለካባው እየወደቀ ስልኩን አውጥቶ መልእክት ይጽፋል። አንድ ቀን ቡሽራ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጥሎ አዛጋ።

"እፀዬ፣ ይሄ ነገር ምን ነካው? ከዚያ ሁሉ ፎቅ ላይ እየወደቅኩ እኮ እራት ምን እንደምበላ ነው የማስበው።"

ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ቀሩ። እፀገነት ማታ ማታ ፍርሃት ይይዛት ጀመር። ይህ ቤት ቢዘጋ ምን ትሆናለች? የአባቷን ቤት እንዴት ታቆያለች? አቶ ገነነ ደግሞ ከሥራ ሲመለሱ በማዶ ጥግ ጥጉን ያልፋሉ፤ በረንዳዋን ቀና ብለው ያዩና አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ልትጠራቸው ፈልጋ ምላሷ አልታዘዝ አላት።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ወረደ። የበረንዳው አሸንዳ ተደፍኖ ኖሮ ውኃው በኮርኒሱ ሾልኮ ቴሌቪዥኑ ላይ መንጠባጠብ ያዘ። ያን ቀን የመጡት ቡሽራና ዘሩባቤል ብቻ ናቸው። "ቴሌቪዥኑን አንሱልኝ!" አለቻቸውና መጥረጊያ ይዛ ወደ ላይ ሮጠች። በረንዳው ላይ ወጣች፣ መሐል ለመሐል ተራመደች። ሳንቃው ቀጭን ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ ግራ እግሯ ይዟት ገባ።

እስከ ጭኗ ነው የገባችው። ጫማዋ ወልቆ መንገዱ ላይ ወደቀ። ከሥሯ አየር ብቻ ነው፤ ከአየሩ በታች ድንጋዩ። ልትነሳ ስትሞክር ቀኝ እግሯ ሥር ያለውም ሳንቃ መርገብገብ ጀመረ። እናቴን ያለችው በሹክሹክታ ነበር።

የሳንቃውን መሰበር የሰሙት ቡሽራና ዘሩባቤል እየተንደረደሩ ወጡ። ዘሩባቤል አንድ እግሩን በረንዳው ላይ ሲያሳርፍ ጠቅላላ ወለሉ ቃተተ። ከመስታወት ፎቅ ላይ ሲዘሉ የኖሩ ሁለት ጀግኖች በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። "አይዞሽ እፀዬ፣ አይዞሽ" ይላል ቡሽራ፤ እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምቀረው።

ያኔ ከማዶ ያ የታወቀ ድምፅ ተሰማ።

"ተው አንተ ልጅ! እግርህን አንሳ! ትገድላታለህ!"

አቶ ገነነ ናቸው። መኪና ሳያዩ ተሻገሩ፤ ይህን ያዩ የሱቅ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው ይሰማል። በሩ ላይ ሁለቱን ገፋ አድርገው ቆሙ፣ በረንዳውን አዩ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ያን የተተኮሰ ሱፋቸውን እንደለበሱ ውኃው ውስጥ በደረታቸው ተኙ። ሳንቃዎቹ ግድግዳው ላይ በተቸነከሩበት ጠርዝ፣ ዕድሜ ልካቸውን በሄዱበት በግድግዳው ጥግ፣ እየተሳቡ መጡ። ቡሽራ ከኋላ እግራቸውን ይዟል።

"እንወድቃለን እፀዬ" ይላሉ እየተሳቡ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። "እርግጠኛ ነኝ፣ እንወድቃለን። አትነሺ፣ በደረትሽ ተኚ። እኔን! የአንቺስ ይሁን፣ እኔ ለጡረታ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እንወድቃለን። ያዢው።"

የጃንጥላቸውን ቆልማማ እጀታ ዘረጉላት። እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ አይደለችም ያንቀጠቀጠችው፣ እሳቸው ናቸው። እፀገነት ያዘችው። የሚገርመው ያን ጊዜ ፍርሃቷ ቀለል አላት። ጋሼ ገነነ ለሁለቱም እየፈሩ ነበርና ለእሷ የቀረላት መሳብ ብቻ ነው። በደረቷ ተኛች፣ እግሯን ቀስ አድርጋ ከቀዳዳው አወጣች፣ ቡሽራና ዘሩባቤል ከኋላ ጎተቱ፤ አራቱም በሩ ውስጥ ተደራርበው ወደቁ።

አቶ ገነነ ከሥር ሆነው "አጥንት የተሰበረ አለ?" አሉ። እፀገነት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅስ ነበር።

ያን ቀን ማታ ባለካባው የማይሞትበትን ነገር አጠፋችው። የጎደለው ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ የማይወድቅ ጀግና ቢበርም አይደንቅ፣ የሚፈራለት የሌለው ደግሞ ቢተርፍ ማን ደስ ይበለው?

መስከረም ጠባ፣ በረንዳው በአናጢ ተሠራ፣ ወንበሮቹ ሞሉ። ዘሩባቤል አቶ ገነነን ከመሥሪያ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይዟቸው መጣ። ፀሐዩ ያነዳል፤ እሳቸው "ዝናቡ እስኪያባራ ነው" ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ቡሽራ ግን ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖረው።

"ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ነዎት።"

"ልትገድሉኝ ነው?" አሉ። እምቢ ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ።

ባለካባው ፎቁ ጫፍ ላይ ቆሟል። አልዘለለም። ጥግ ጥጉን እየታከከ ጣሪያውን ዞረው።

"ምን እየፈለጉ ነው ጋሼ?"

"ደረጃ።"

"ደረጃ የለውም!"

"ደረጃ የሌለው ፎቅ ማን ነው የፈቀደው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ይዝለሉ! ይዝለሉ!" አለ ሁሉም በአንድ አፍ። አቶ ገነነ ዓይናቸውን ጨፈኑና ለቀቁት።

ባለካባው ወደቀ። መስታወቶቹ ሽው እያሉ አለፉ፣ አስፋልቱ እየሰፋ መጣ። ሁሉም ከኋላ የሚመጣውን ኡኡታ ጠበቀ፤ ኡኡታው ግን የለም፣ ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ ጆይስቲክ ይዟል። ቡሽራ አመለጡን ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

"ጋሼ! ኧረ ቁልፉን! ወይኔ ጋሼን፣ ይጫኑት!"

ተጫኑት። ባለካባው አስፋልቱን በካባው ጠርጎ ሽቅብ ተመነጠቀ። አቶ ገነነ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማን ነው እንዲህ የጮኸው?"

እፀገነት የሻይ ትሪዋን ጥላ ቆማለች፤ እጇ ደረቷ ላይ ነው፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እኔ ነኝ" አለች። "ኋላ አልነገረችኝም እንዳይሉ።"