የወይዘሮ ጠይባን ፊልም ቤት ለመዝጋት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

የመካነ ሰላም ከተማ ፊልም ቤት ባለቤቶች ማህበር
ቃለ ጉባኤ ቁጥር 31

ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.
ቦታ፦ የወይዘሮ ጠይባ ፊልም ቤት፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ (የኋለኞቹ እግራቸው የላላ ስለሆነ)
ሰዓት፦ ለ7፡00 ተጠርቶ 8፡20 ተጀመረ። ምክንያት፦ የሰብሳቢው ምሳ።

የተገኙ አባላት
ሀ. አቶ ካሳ፣ ሰብሳቢ፦ በ1996 የከተማውን የመጀመሪያ ፊልም ቤት የከፈቱ። አሁን በዚያው ቤት ጤፍ ያከማቻሉ።
ለ. አቶ አህመዲን፦ ሁለተኛውን የከፈቱ። አሁን በዚያው ቤት ሞባይል ይሸጣሉ፣ ፊልምም በሚሞሪ ይጭናሉ።
ሐ. አቶ አዩብ፦ ሦስተኛውን ከፍተው የዘጉ። ከሪያድ በኢሞ ተገኝተዋል። ስልኩ አግዳሚ ላይ እንደ ሰው ተቀምጧል።
መ. ወይዘሮ ጠይባ፦ ከጅዳ ተመልሰው አራተኛውን የከፈቱ። እስካሁን ያልዘጉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ቢተው፣ የህንድ ፊልም ተርጓሚ፤ ወይዘሮ በዛች፣ የተመልካች ተወካይ።

ጸሐፊ፦ ሀይማኖት፣ የሙአለ ሕፃናት መምህርት፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብሎ ባልነበረችበት ስብሰባ የተመረጠች።

ምልዓተ ጉባኤ
የማህበሩ ደንብ የተጻፈው አራቱ ባለቤቶች አንዱ የሌላውን ፊልም በሚሰርቅበት ዘመን ስለሆነ፣ አራቱም ተገኝተው አራቱም ካልተስማሙ ምንም ነገር አይወሰንም ይላል። ስብሰባው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ የአቶ አዩብ ኔትወርክ ተቋረጠ። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ፎቶአቸው ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ እንደተገኙ፣ ዝም ካሉም እንደተስማሙ እንዲቆጠር ሆነ። ጸሐፊዋ ያለፉትን ሠላሳ ቃለ ጉባኤዎች አገላብጣ አቶ አዩብ በአንዳቸውም ላይ ተስማምተው እንደማያውቁ አረጋግጣለች። ብትናገርም የሰማት የለም።

ቀጥሎ አቶ አህመዲን ዱአ አደረጉ። ዱአው ከጠዋት ጀምሮ የጠፋው መብራት እንዲመጣ ነበር። አቶ ካሳ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው አሚን አሉ።

አጀንዳ 1፦ የመጨረሻው ፊልም ቤት መዘጋት

ሰብሳቢው "ባጭሩ" ብለው ጀምረው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። በ1996 አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ጄኔሬተር ይዘው ሲከፍቱ ሰው ከወግዲ ድረስ በእግሩ ይመጣ እንደነበር፣ ቦታ ያጣው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያይ እንደነበር አስታወሱ። ከተማው ሲሰፋ፣ ሚኒባሱም ሆቴሉም ሲበዛ ፊልም ቤቱ አራት እንደደረሰ፣ በየበሩ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያም በገበያ ቀን ከብት እያስበረገገ ስንቱን እንዳጣላ ዘረዘሩ። አቶ አህመዲን በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔ የለሁም ወይ ሲሉ ቅሬታ አቀረቡ። ሰብሳቢው መዘጋቱ ላይ ሲደረስ እንደሚነሱ፣ የከተማውን ፊልም ሁሉ እየገለበጡ በየሰው ኪስ የከተቱት እሳቸው ስለሆኑ እንደማይረሱ መለሱላቸው። አቶ አህመዲንም በበኩላቸው የሰብሳቢው ቤት ዛሬም ተመልካች እንዳላጣ፣ ተመልካቹ ግን አይጥ እንደሆነ አስመዘገቡ።

ወይዘሮ ጠይባ ወደ ጉዳዩ እንመለስ አሉ። ሐሙስ ዕለት የመጣው ተመልካች ሦስት ነው፤ አንዱ ተኝቶ ነበር፣ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነው የመጣው፣ ሦስተኛዋ እማማ በዛች ናቸው። አዳራሹን ለቬሎ ማከራያ የጠየቃቸው ሰው አለ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ጠርገው ያሠሩት አዳራሽ ባዶውን ሲውል ማየት አንጀታቸውን እንደሚበላው ተናገሩ። ይህን ሲሉ ወደ ማንም አላዩም።

አቶ ካሳ መፍትሔ አለኝ ብለው ፊልም ማየት በቅሬው፣ በከተማው እድር፣ ደንብ ውስጥ እንዲገባ፣ እያንዳንዱ ቤት በተራ አንድ ሰው እንዲልክ፣ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ሲሞት ድንኳን እንዳይተከልለት ሐሳብ አቀረቡ። አቶ አህመዲን ደገፉ፤ ሬሳው ግን ጥፋቱን በምን እንደሚያርም ይብራራልኝ አሉ። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ የቅሬው ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ መጀመሪያ ድንኳን የሚከለከሉት እዚህ የተቀመጡት መሆናቸው ስለታመነበት ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

ውሳኔ 1፦ ፊልም ቤቱ ከነገ ጀምሮ ይዘጋ። በሦስት ድምፅና በአንድ ፎቶ ተወሰነ።

ወይዘሮ በዛች እጃቸውን አነሱ። ድምፅ ስለሌላቸው እጃቸውን እንዲያወርዱ ተነገራቸው፤ አወረዱ።

አጀንዳ 2፦ በአቶ ቢተው ላይ የቀረበ ክስ

ከሳሽ አቶ አህመዲን ናቸው። የክሱ ጭብጥ፣ ተርጓሚው ፊልሙ የሚታይበት አቡጀዲ አጠገብ ቆመው በማይክ ለአሥራ አራት ዓመት የተናገሩት ሁሉ ከራሳቸው የፈለቀ ነው የሚል ነው። ማስረጃው ዘወትር ሐሙስ የሚታየው የሁለቱ ወንድማማቾች ፊልም ነው። ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ከአዲስ አበባ መጥቶላቸው ቢያዩት፣ አቶ ቢተው "አጎታቸው" የሚሉት ሰውዬ ዳኛ ሆኖ ተገኘ። "ከቅሬ የተባረረ" የሚሉት ደግሞ የፖሊስ አዛዥ ነው። ህንዶቹ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አቀስታ ገበያ እንዳልሄዱም በሚገባ አጣርተዋል።

ተከሳሹ ሲጠየቁ ህንድኛ እንደማያውቁ ወዲያው አመኑ። እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ፣ አቶ ካሳ የቀጠሯቸውም ድምፃቸው ከጄኔሬተሩ በላይ ስለሚሰማ ብቻ መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው ነገሩ እውነት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እንዳይመዘገብ አሳሰቡ።

ወይዘሮ ጠይባ ቤቱ ከተዘጋ ማይኩ ለማን ነው ብለው በድጋፍ እጃቸውን አወጡ።

ውሳኔ 2፦ አቶ ቢተው ከተርጓሚነት ተነስተው ማይኩን ያስረክቡ። በሦስት ድምፅና በአንድ ፎቶ ተወሰነ።

አቶ አህመዲን እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ዋናውን ውሸት ገና አልነገርኳችሁም አሉ። በፊልሙ መጨረሻ እናትየዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ ልጇን ስትጠብቅ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ይነግራታል። አቶ ቢተው "አብሽሪ፣ ልጅሽ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል" የሚሉት ያ ቃል፣ ጽሑፉ ላይ "ልጅሽ ሞቷል" ነው አሉ።

ወይዘሮ ጠይባ ሳል ያዛቸው። ጸሐፊዋ ይህ የጉንፋን ሳል አለመሆኑን መዝግባለች። የወይዘሮ በዛች ልጅ ጀብሪል ባሕር ከተሻገረ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአራት ዓመት ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ይህን ከአቶ አህመዲን በቀር አዳራሹ ውስጥ የዘነጋ የለም፤ እሳቸውም ይሄኔ ትዝ ብሏቸው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ ብለው አባባሱት። ወይዘሮ ጠይባ ጅዳ ከህንድ ምግብ አብሳይ ጋር አንድ ማዕድ ቤት ስለኖሩ ቋንቋውን ያውቃሉና ይመስክሩ አሉ። ወይዘሮ ጠይባ ባዶውን አቡጀዲ ጥቂት ካዩ በኋላ፣ ሽማግሌው የሚለው ቢተው የሚለውን ነው፣ ይመጣል ነው የሚላት፣ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው ሲሉ መሰከሩ። አቶ አህመዲን ከጫማቸው ቀና ሳይሉ እስቲ ወላሂ በይ አሏቸው። ወይዘሮ ጠይባም ስብሰባ ላይ አይማልም ብለው መለሱ።

ወይዘሮ በዛች አሁንም እጃቸውን አነሱ። በዚህ ጊዜ አውርዱ ያላቸው የለም።

"ልጆቼ፣ ፊደል ባልቆጥርም ዓይን አለኝ። ሽማግሌው ነግሯት ሲያበቃ እንዴት እንደምትወድቅ ስንት ሐሙስ አይቻለሁ። ይመጣል የተባለች እናት እንደዚያ አትወድቅም። ተዉት፣ አውቀዋለሁ። ቤቴ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቁርጥሽን እወቂ፣ ተዝካሩን አውጪ፣ ሰደቃውን አብዪ ነው የሚለኝ። በዚህ አገር ይመጣል የሚለኝ ቢተው ብቻ ነው። እሱን ሰምቼ ስገባ ያን ቀን እህል ይበላልኛል።"

አቶ ቢተው ሊያስረክቡ የያዙትን ማይክ በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። አቶ አህመዲን ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፊልም አጠፉ። ጸሐፊዋም ስክሪብቶዋ አልጽፍ ብሏት ነበር፤ አፍንጫዋን ከጠረገች በኋላ ጽፏል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በዚህ መሐል አግዳሚው ላይ የነበረው ስልክ ነፍስ ዘራ። አቶ አዩብ "ይሰማል? ምን ላይ ደረሳችሁ?" አሉ። በሁለቱም ውሳኔ መስማማታቸው ተነገራቸው። እኔ? ማን ጠይቆኝ? በአንዱም አልተስማማሁም አሉና ምንነቱን ሳይጠይቁ ኔትወርኩ መልሶ ወሰዳቸው።

ወይዘሮ ጠይባ ደንቡ ይነበብ አሉ። ተነበበ። አራቱም ካልተስማሙ ምንም አይወሰንም ይላል። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ብልህ ደንብ ማን እንደጻፈው ጠየቁ፤ እሳቸው መሆናቸው ተነግሯቸው ደስ አላቸው።

ውሳኔ 3፦ ውሳኔ 1 እና 2 እንዳልተወሰኑ ይቆጠሩ። ፊልም ቤቱ ክፍት ይሁን፤ ቬሎው ሌላ ቤት ይፈለግለት። አቶ ቢተው እንደለመዱት ይቀጥሉ። አቶ አህመዲን ቢያንስ አጎትየው ዳኛ ይባልልኝ ብለው ያቀረቡት ማሻሻያ ተቀባይነት አላገኘም።

10፡25 ላይ መብራት መጣ። ቀኑ ሐሙስ ባይሆንም ወይዘሮ ጠይባ ፊልሙን ከመጨረሻው ክፍል ከፈቱት፤ ማንም ተነስቶ አልሄደም። ሽማግሌው ወደ እናትየዋ ሲጠጋ አቶ ቢተው ማይኩን ይዘው ትንሽ ዘገዩ። ከዚያ ከጄኔሬተር በላይ በሚሰማው ድምፃቸው "አብሽሪ፣ መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል" አሉ።

ወይዘሮ በዛች ኢንሻአላህ አሉ። አቶ ካሳ ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው አሚን አሉ። ስብሰባው 10፡40 ላይ ተበተነ።